እንቅልፍ ያልሆነ እንቅልፍ

ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። ወንበሩ ግድግዳውን ተከትሎ ተደርድሯል፣ ቡናው ይዞራል፣ አዲስ የገባ ሰው አጠገቡ ወዳለው ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ ይጠይቃል፦ «ምን ሆኖ ነው?» ሟቹ በዕድሜ የገፋ ሰው ከሆነ መልሱ ረጅም ነው፤ ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ ያስታመመችው ልጁ፣ የመጨረሻዋ ሌሊት ሳትቀር ትተረካለች። ሟቹ የ19 ዓመት ልጅ ሲሆን ግን መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «በእንቅልፉ።» ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ሌላ ጥያቄ አይኖርም።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ሐበሾች መካከል ይህችን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ትሸፍናለች ማለቴ አይደለም፤ ልብም ድንገት ይቆማል፣ የሚጥል በሽታም በሌሊት ይገድላል። ነገር ግን በድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆኜ እሠራለሁና፣ ማታ እራቱን በልቶ የተኛ ጤነኛ ወጣት ጠዋት ሳይነቃ ሲቀር ከምንጠረጥራቸው ነገሮች መጀመሪያ የሚመጣው ምን እንደሆነ ዐውቃለሁ። እናንተም እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ከሞቱ በፊት እንቅልፍ የሚመስሉ ደቂቃዎች አሉ፤ በእነዚያ ደቂቃዎች አጠገቡ ያለ ሰው ሊያስነሣው ይችላል። ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሐኪም አይደለም። ታናሽ እህት ናት፣ የክፍል ጓደኛ ነው፣ አብራው በኳየር የምትዘምር ልጅ ናት።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። «ዕፅ» ስንባል ብዙዎቻችን ፊት የሚመጣው መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ነው። ኦፒዮይድ የሚባለው ቤተሰብ ግን ግማሹ ከመድኃኒት ቤት የሚወጣ ነው። ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ጥርስ ተነቅሎ ወይም አጥንት ተሰብሮ የሚታዘዘው ኦክሲኮዶን፣ አገር ቤት በደንብ የሚታወቀው ትራማዶል፣ ሄሮይን፣ ፌንታኒል፤ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ፌንታኒልን እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ የሠራው ፖል ያንሰን የተባለ ቤልጂየማዊ ሐኪም ነው፤ የሠራውም ለቀዶ ሕክምና ነበር። እስከ ዛሬ በሆስፒታል እንገለገልበታለን፤ በእኔም እጅ ብዙ ሰው ከጭንቅ ሕመም አርፎበታል። ከሞርፊን 100 እጥፍ ያህል ስለሚበረታ የምንለካው በማይክሮግራም ነው፤ አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በድብቅ ክኒን የሚጋግረው ሰው እንዲህ ያለ ሚዛን የለውም። የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት 2 ሚሊግራም ፌንታኒል ሰው ሊገድል እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ ይህ በእርሳስ ጫፍ ላይ የሚያርፍ ብናኝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይኸው መሥሪያ ቤት ፌንታኒል ያለባቸውን አስመሳይ ክኒኖች መርምሮ ከ10 አምስቱ ይህን የሚያህል መጠን እንደያዙ አስታውቋል።

አስመሳይ ክኒን ያልኩትን አስተውሉ። የእናንተን ትውልድ ከቀደመው የሚለየው ይህ ነው። ልጁ ፌንታኒል ፍለጋ አልወጣም። ኳስ ሲጫወት የተጎዳው ጉልበቱ አላስተኛው ብሎ «ፐርክ» ፈለገ፤ ወይም ልጅቷ የፈተና ሳምንት ጭንቀቷን የሚያበርድላት «ዛናክስ» ፈለገች። በስልክ መልእክት ተላላኩ፣ ሻጩ መኪና ውስጥ ሆኖ አቀበላቸው። ክኒኑ ሰማያዊ ነው፣ በአንድ ወገን «ኤም»፣ በሌላው «30» የሚል ማኅተም አለው፣ የመድኃኒት ቤቱን ቁርጥ ይመስላል። በዐይን የሚለየው ሰው የለም፤ እኔም አልለየውም። ከመድኃኒት ቤት በስማችሁ ያልወጣ ክኒን ውስጡ ምን እንዳለ የሠራው ሰው እንኳ በእርግጠኝነት አያውቅም፤ ከአንድ ከረጢት የወጡ ሁለት ክኒኖች አንዱ ምንም ላያደርግ፣ ሌላው ሊገድል ይችላል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ልጆችን ሞት አጥንቶ ነበር። ከ2019 መጨረሻ እስከ 2021 መጨረሻ ባለው ጊዜ በየወሩ ከመጠን በላይ በወሰዱት ነገር፣ በተለምዶ ኦቨርዶዝ በምንለው፣ የሚሞቱት ልጆች ቁጥር ከ2 እጥፍ በላይ ሆነ። ከእነዚህ ሞቶች ሩብ በሚያህሉት ላይ የአስመሳይ ክኒን ምልክት ተገኘ። ከዚህ ሁሉ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ቁጥር ነው፦ ከሞቱት ልጆች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ሲሞቱ በአቅራቢያቸው ሰው ነበር። ብዙዎቹን ግን ማንም አልረዳቸውም። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ክፍል ነበር፤ ወይም እዚያው ሆኖ እያየ፣ የሚያየው ምን እንደሆነ አላወቀም።

ይህን ሳነብ የእኛን ቤቶች አሰብኩ። እናት የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ትገባለች። የልጇ በር ተዘግቷል፤ ጆሮዋን ብትጥል ኩርፊያ ትሰማለች። «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ትልና በጣቷ እየተራመደች ወደ ክፍሏ ትሄዳለች። ከዚህ የበለጠ ፍቅር የለም። ኦፒዮይድ ሰው ሲገድል ግን የሚሰማው ይህ ነው። ከአንጎላችን ሥር፣ ሳናስበው እንድንተነፍስ የሚያዘን ክፍል አለ፤ ኦፒዮይድ ሲበዛበት ይህ ክፍል ትእዛዙን ይረሳል። አተነፋፈሱ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ ጉሮሮው ስለላላ የሚያንኮራፋ ወይም የሚንገረገር ድምፅ ያወጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ልብ ለጥቂት ጊዜ ይመታ ይሆናል። አንጎል ኦክስጅን ካጣ ግን በ4 ደቂቃ ገደማ መጎዳት ይጀምራል።

በሐዋርያት ሥራ 20 ላይ ያለውን ወጣት አስታውሱት፤ አውጤኪስን። ጉባኤ ላይ ነው ያለው፣ መስኮት ላይ ተቀምጧል፣ የሚሰብከው ጳውሎስ ነው፣ ስብከቱ እስከ እኩለ ሌሊት ረዝሟል። (ስብከት የረዘመባችሁ ሁሉ በዚህ ልጅ ስትጽናኑ ሰምቻለሁ።) እንቅልፍ ያዘውና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። በዚህ ታሪክ ላይ ልጁ በጉባኤ ለምን እንደተኛ ሲወቀስ ሰምቻለሁ፤ ጽሑፉ ግን አንድም ወቀሳ የለውም። የሚነግረን ጳውሎስ ስብከቱን አቋርጦ ደረጃውን እንደወረደ፣ በላዩ እንደተደፋና እንዳቀፈው ነው። ስብከቱ የቀጠለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የጳውሎስን ስብከት ያህል ነገር ለአንድ ለወደቀ ልጅ መቆም ከቻለ፣ የእኛ ፕሮግራም የማይቆምበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ መውረድ ማለት በዚህ ጉዳይ ምን ማለት ነው? አንድ ሰው ተኝቶ አልነሣ ካላችሁ በስሙ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፤ ትከሻውን ነቅንቁት። ካልነቃ ደረቱ መካከል ያለውን አጥንት በጨበጣችሁት እጅ አንጓ አጥብቃችሁ እሹት፤ ያማል፣ የተኛ ሰው ይነቃበታል። አሁንም ካልነቃ ያ እንቅልፍ አይደለም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ተመልከቱ። የዐይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ ሊሆን ይችላል። የማስተማሪያ ጽሑፎች «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል» ይላሉ፤ የእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ላይ ሰማያዊ ብቻ ከጠበቃችሁ ያመልጣችኋል፤ አመድ የነፋበት ይመስላል። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡንና ድዱን እዩ፣ ጥፍሩን እዩ።

911 ደውሉ፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋችሁ መሬት አስቀምጡት፣ እጃችሁ ነፃ ይሁን። ናሎክሶን ካላችሁ፣ በብዛት ናርካን በሚለው የንግድ ስም የሚታወቀው ነው፣ ሰውዬውን በጀርባው አስተኝታችሁ ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉ፣ ጫፉን በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አስገብታችሁ ጫኑት። ለሙከራ ብላችሁ አየር ላይ እንዳትረጩት፤ አንዱ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ ተንፍሱለት፦ አፍንጫውን ይዛችሁ፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ በየ5 ሴኮንዱ አንድ ትንፋሽ። ኤልሳዕ በሱነማዊቷ ልጅ ላይ አፉን በአፉ አድርጎ እንደተኛ በ2ኛ ነገሥት 4 ስታነቡ እንግዳ ነገር መስሏችሁ ከነበረ፣ ድንገተኛ ክፍል ለሚሠራ ሰው ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልተነሣ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫ ስጡት። በራሱ መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኙት፣ ቢያስመልሰው እንዳያንቀው።

በየቤታችን የሚደረገውን ስለማውቅ ጥቂት ልጨምር። ቀዝቃዛ ውኃ መርጨት፣ ቡና መጋት፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ደግፎ ማራመድ፣ አንዳቸውም ትንፋሽ አይመልሱም፤ ደቂቃ ይበላሉ። ስለ ጸሎትም ትጠይቁኛላችሁ። ጸልዩ። እኔ ሥራዬ ላይ ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን የለም። ግን አምስት ሰው ከቦ እጁን ጭኖ ሲጸልይ ስድስተኛው 911 እየደወለ ይሁን፤ ከአምስቱም አንዱ አገጩን ቀና አድርጎ ይተንፍስለት።

ናሎክሶን በአንጎል ላይ የተቀመጠውን ኦፒዮይድ ገፍቶ ቦታውን የሚይዝ መድኃኒት ነው። ሰውየው ኦፒዮይድ ካልወሰደ፣ በሌላ ነገር ራሱን ስቶ ከሆነ፣ አይጎዳውም፤ ስለዚህ እርግጠኛ እስክትሆኑ አትጠብቁ። የሚሠራው ግን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ያህል ነው፤ የወሰደው ነገር ከዚያ ሊረዝም ስለሚችል የነቃ ሰው ተመልሶ ሊያንቀላፋ ይችላል። ሲነቃም አያመሰግናችሁም። ያንቀጠቅጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይቆጣል፣ «ልሂድ» ይላል። አብራችሁት ቆዩ፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ አታስነሡት።

ይህን መድኃኒት ጃክ ፊሽማንና ሞዜስ ሌዌንስታይን የተባሉ ኬሚስቶች ሠርተው የፈጠራ መብቱን የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በ1971 በአሜሪካ ተፈቀደ። ፊሽማን የሚስቱን ልጅ እንደ ልጁ ያሳድግ ነበር፤ ይህ ልጅ በ2003 ሄሮይን በዝቶበት ሞተ። የእንጀራ አባቱ የሠራው መድኃኒት ያን ጊዜ 40 ዓመት አልፎታል። ልጁ ባለበት ክፍል ግን አልነበረም። ያኔ መድኃኒቱ በአብዛኛው በሆስፒታልና በአምቡላንስ ተወስኖ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም፤ ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል፣ በአካባቢያችን ያሉ የጤና መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በነፃ ይሰጡታል፣ አሰጣጡንም ያስተምራሉ። አንዱ ሳጥን ሁለት ይይዛል። ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። በ2023 በዚህ አገር ከ100,000 በላይ ሰዎች በኦቨርዶዝ ሞተዋል፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 80,000 ዝቅ ብሏል። ባለሙያዎች ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ መድኃኒት በብዙ ሰው እጅ መግባቱ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ሆኖ፣ ትምህርቱ ግማሽ ሰዓት ሆኖ፣ ታዲያ እጃችንን ምን ያዘው? ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ሁለት ነው።

አንደኛው የፖሊስ ፍርሃት ነው። ልጆች ጓደኛቸውን በር ላይ ጥለው ሲሮጡ አይተናል፤ ክፋት ሆኖ አይደለም፣ 17 ዓመታቸው ነው፣ እስር ቤት ታይቷቸው ነው። እወቁ፦ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ በደጉ ሳምራዊ ስም የሚጠራ ሕግ አለ። ዝርዝሩ በየቦታው ይለያያል፤ በሜሪላንድ ለምሳሌ ኦቨርዶዝ ለሆነ ሰው በቅንነት እርዳታ የጠራ ሰውና ራሱ ታማሚው፣ ለራስ መጠቀሚያ ዕፅ በመያዝ ወይም ያለ ዕድሜ አልኮል በመጠጣት አይታሰሩም፣ አይከሰሱም። ዕፅ መሸጥን አይሸፍንም። 911 የሚያነሣው ሰው የሚጠይቃችሁ የት እንዳላችሁ፣ ምን እንደተፈጠረና ሰውየው ይተነፍስ እንደሆነ ነው። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶቻችሁም አንዲት ቃል አስጠኗቸው፦ «አምሃሪክ»። አስተርጓሚ በስልክ ይፈለግላቸዋል።

ሁለተኛው ፍርሃት ሕግ የለውም። ስሙ ገመና ነው። በሥራዬ ዓመታት ከአንድ በላይ ከሆኑ እናቶች ይህን ሰምቻለሁ፤ ልጃቸው መጋረጃው ወዲያ ማሽን ላይ ሆኖ፣ አማርኛ ተናጋሪ መሆኔን እንዳወቁ እጄን ይዘው መጀመሪያ የሚሉኝ «ይተርፋል ወይ?» አይደለም። «የእኔ እህት፣ በእግዚአብሔር፣ ለማንም አትንገሪ» ነው። እነዚህን እናቶች ላማቸው አልችልም። የቤቱን ጉድ በአደባባይ አለማስጣት ከእናቶቻቸው የወረሱት መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ቤት ያቆመውም እርሱ ነው። ደግሞም እውነት እንነጋገር፣ የሚፈሩት እኛን ነው። የልጁ ስም በጸሎት ርዕስ ስም ከቡድን ወደ ቡድን እንደሚዞር ያውቃሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን እንተርታለን፤ በሽታውን የገለጠ ሰው ምን እንዳገኘው ግን የሚተርት የለም። እናንተ ወጣቶች ይህን ከእኛ የተሻለ ልታደርጉት ትችላላችሁ፦ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ወደ ሐኪም፣ ወደ አማካሪ ወይም ወደምታምኑት አንድ ታላቅ ሰው ውሰዱት፤ ወደ ሦስተኛ ጓደኛ አትውሰዱት።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። በቋንቋችን «ዳነ» አንድ ቃል ነው። በሽተኛም ይድናል፣ ኃጢአተኛም ይድናል። ውብ ነገር ነው፤ መድኃኒትና መድኅን ከአንድ ሥር መምጣታቸው ደስ ይለኛል። ችግሩ አንድ ቃል ሲሆን አንድ ፍጥነት ያለው ይመስለናል። በኅብረታችን የምስክርነት ምሽት አንድ ወንድም መድረክ ላይ ወጥቶ ከሱስ ነፃ እንደወጣ ይናገራል። እልልታው ጣራውን ያነሣዋል፤ እኔም አብሬ እል ብያለሁ፣ እግዚአብሔር ነፃ እንደሚያወጣም አምናለሁ። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን ያ ወንድም ለድካሙ ቦታ የለውም። መስክሯል እኮ። ቢፈተን ለማን ይናገራል?

ከሕክምናው በኩል ስታዩት ያ ወቅት ከሁሉ የከፋው ነው። ሰውነት ኦፒዮይድን ይለምዳል፤ የለመደ ሰው ሌላውን የሚገድል መጠን ወስዶ ቆሞ ይሄዳል። ለጥቂት ሳምንታት ሲተወው ልማዱ ይጠፋል። ተመልሶ የቀድሞውን መጠን ሲወስድ፣ አእምሮው የሚያስታውሰው የድሮውን ሰውነቱን ነው፤ ያለው ሰውነት ግን አዲስ ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ባለው በዋሽንግተን ስቴት ከእስር ቤት የወጡ ሰዎች ተጠንተው በ2007 በታተመው ጥናት፣ በወጡ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በኦቨርዶዝ የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። እስር ቤት ይሁን፣ ማገገሚያ ማዕከል ይሁን፣ የ21 ቀን ጾም ጸሎት ይሁን፣ ለሰውነት ልዩነት የለውም፤ ሁሉም የመታቀብ ጊዜ ነው። ስለዚህ ምስክርነቱን ስሙ፣ እልል በሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ደውሉለት። በሦስተኛው ሳምንትም ደውሉለት። «ጸንተሃል አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ መልሱን ነግራችሁታልና። «ይህ ሳምንት እንዴት አደረገህ?» በሉት።

ከዚሁ ጋር ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን ስለሚባሉት መድኃኒቶች አንድ ነገር። «አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መተካት ነው» ሲባል ከመድረክም ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። እነዚህ መድኃኒቶች ምኞቱን ያበርዳሉ፣ ሕመሙን ያስታግሳሉ፣ ሰውየው ሥራው ላይ እንዲውል ያስችሉታል፤ የመሞትን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ቡፕረኖርፊንን ለማዘዝ ሐኪሞች ድሮ የሚጠየቁት ልዩ ፈቃድ ቀርቷል፤ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ሊያዝዘው ይችላል። ለስኳር ኢንሱሊን የምትወጋውን እናት «እምነትሽ የት አለ?» የሚላት ሰው በኅብረታችን የለም። ወንድማችንንም ምላሱ ሥር ስለሚያደርጋት ክኒን አንጠይቀው። ያለ ሐኪም ምክር አቁም ማለት ደግሞ አሁን ወደነገርኳችሁ ወደዚያ አደገኛ ወቅት መግፋት ነው።

ቤታችሁ ያለውን የመድኃኒት መደርደሪያም አንድ ቅዳሜ ከወላጆቻችሁ ጋር ክፈቱት። የአባት ጉልበት ቀዶ ሕክምና የተረፈ ክኒን፣ የአክስት ወገብ፣ ለአገር ቤት ዘመድ በሻንጣ ሊላክ የተቀመጠ ማስታገሻ ታገኛላችሁ። ብዙ መድኃኒት ቤቶች የተረፈውን የሚቀበሉበት ሳጥን አላቸው። የሚያስፈልገው ይቆለፍበት። ለአንዱ የታዘዘ ለሌላው አይሰጥ።

ይህን ጽሑፍ ስታነብ፣ ስታነቢ፣ ጉዳዩ የጓደኛ ሳይሆን የራስህ፣ የራስሽ ከሆነ፣ ይህ አንቀጽ ላንተና ላንቺ ነው። ለአንድ ሰው ዛሬ ንገሩ። 1-800-662-4357 በማንኛውም ሰዓት በነፃና በምስጢር ሕክምና የት እንደሚገኝ ይነግራል፤ ነፍስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ 988 አለ። ገና መተው ካልቻላችሁም ብቻችሁን ሆናችሁ አትውሰዱ፣ በር አትቆልፉ፣ ከአልኮልም ሆነ ከእንቅልፍ ክኒን ጋር አትቀላቅሉ፣ ናሎክሶን የት እንዳለ አብሯችሁ የሚኖረው ሰው ይወቅ። እንዲህ ማለቴ ለኃጢአት ፈቃድ መስጠት ነው የሚሉ ታላላቆች ይኖራሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ ተነጋግረንበታልም። የሞተ ልጅ ግን ንስሐ የሚገባበት ነገ የለውም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ነገሩ በቀላል ተጀመረ። ከካውንቲው ጤና መሥሪያ ቤት አንዲት አሠልጣኝ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጣች፤ ምሳው እንጀራ በአልጫ ነበር፣ 23 ወጣትና 4 እናቶች ተቀመጡ። ከእናቶቹ አንዷ ልምምዱን በአሻንጉሊቱ ላይ ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ሳምንት ከተወያዩ በኋላ፣ በታችኛው ፎቅ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ከእሳት ማጥፊያው ጎን ትንሽ ነጭ ሳጥን ተሰቀለች። ቁልፍ የላትም፤ ቁልፍ ይኑራት ያሉ ነበሩ፣ አልተስማማንም። ከወጣቶች ኅብረት ሁለት ልጆች በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከፍተው ይቆጥራሉ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ያያሉ። ባለፈው ቆጠራ ከስድስቱ ሁለቱ አልነበሩም። ልጆቹ ለመሪያቸው ነገሩት፣ መሪው ለእኔ ደወለልኝ፣ ሰኞ ከሥራ ስወጣ ሁለት ሌሎች አምጥቼ አስቀመጥኩ።